ሀረና ጫካ መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከዲንሾ እስከ ደሎ መና እንዴት ይኬዳል

ባሌ ተራሮች ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሳነቲ ሜዳና ስለ ቀይ ቀበሮ ነው፣ እውነቱን ነው ሳነቲ ያምራል፣ ግን አብዛኛው ሰው ሳነቲን አቋርጦ ገደሉ ጫፍ ላይ ይቆምና ታች ያለውን ጫካ ፎቶ አንስቶ መኪናውን አዙሮ ጎባ ይመለሳል። ያ ፎቶ ያነሱት ጫካ ሀረና ነው። በአገራችን ከቀሩት እርጥበታማ ደኖች በስፋቱ ሁለተኛ የሚባለው፣ ቡና በራሱ ጊዜ የሚበቅልበት፣ ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ አሁንም ያለበት ጫካ እኮ ነው! እዛ ድረስ ሄዶ ከላይ አይቶ መመለስ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ወርዳችሁ እንድትገቡ፣ ገብታችሁም ቢያንስ ሁለት ሌሊት እንድታድሩ ነው፣ ምክንያቱም ሀረናን በመኪና መስኮት ማየት አይቻልም፣ መንገዱ ዳር ያለው ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም የተቋቋመ ነው፣ ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ መስከረም 2016 ላይ ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ሰሜኑ ዲንሾ ነው፣ መሃሉ ሳነቲ፣ ደቡቡ ሀረና። ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ነው፣ እዛው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው። ከሳነቲ ደቡባዊ ጫፍ ግን መሬቱ በአንዴ ይወድቃል፣ ሪራ የምትባለው መንደር 3,000 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጫካው መሃል ያለው ካቻ ወደ 2,400፣ ከዛ እየወረደ እየወረደ ደሎ መና ቆላ ይገባል። ይሄ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ፣ ከመቶ ብዙም በማይበልጥ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ጠዋት በረዶ የያዘው ሳር ላይ ቆማችሁ ከሰዓት ቡና ጥላ ስር በሸሚዝ ትቀመጣላችሁ። ለዚህ ነው ዝግጅቱም የሁለት አገር ዝግጅት የሚሆነው።

መቼ ልሂድ ለምትሉ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት። ባሌ የዝናቡ ጊዜ ረጅም ነው፣ በልጉም ክረምቱም ያገኘዋል፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ጫካው ውስጥ ጭቃው ሌላ ነው፣ መኪናም ይይዛል እግርም ይይዛል። እኔ በተለይ የምመርጠው ኅዳርና ታኅሣሥን ነው፣ ዝናቡ አባርቷል ጫካው ግን ገና እርጥብ ነው፣ ታች ደግሞ የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጫካ ውስጥ ነው። ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው ለእግር ጉዞ አሪፍ ናቸው፣ ግን የሳነቲ ሌሊት በነዛ ወራት ከዜሮ በታች በደንብ ይወርዳል፣ እሳትም የሚነሳው ያኔ ነው (እሱን በኋላ እመለስበታለሁ)።

ከአዲስ አበባ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአዳማ በአሰላ በቆጂ አድርጎ ዶዶላ፣ ሌላው በሻሸመኔ በኮፈሌ ዶዶላ፣ ከዛ ሁለቱም በአዳባ ዲንሾ ይገባሉ። ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ሙሉ ቀን ያዙለት። አውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ለሊት ነው የሚነሳው፣ ሮቤና ጎባ የሚለውን ተሳፍራችሁ ዲንሾ ውረዱ። ሮቤ ኤርፖርትም አለ፣ ግን በረራው በየቀኑ ይኑር አይኑር ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ደግሞ በአውሮፕላን ከመጣችሁ ወደ ኋላ ወደ ዲንሾ መመለስ እንዳለባችሁ አስቡት። መንገዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ፀጥታው ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያወራ መሆን የለበትም፣ እዛው ዲንሾ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይ ጎባ የሚኖር ሰው ላይ ደውሉ፣ በተለይ ከሪራ በታች ያለውን መንገድ ለይታችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፣ ሌላ ጊዜ ይኬዳል።

ዲንሾን ዝም ብላችሁ እንዳታልፏት። የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለው እዛ ነው፣ ክፍያው ለኢትዮጵያዊ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፣ ስለዚህ መታወቂያ ያዙ፣ ከውጭ የምትመጡ ዲያስፖራዎች ደግሞ የትውልድ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ቤት ትታችሁ እንዳትመጡ። ደረሰኙን አትጣሉት፣ መንገድ ላይ ኬላ ሊጠየቅ ይችላል። ጋይድም የምትይዙት እዛው ነው፣ የአካባቢው ልጆች በማኅበር ተደራጅተው ይሰራሉ። ያለ ጋይድ ሀረና አትግቡ፣ ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ። ጎግል ማፕ ላይ የምታዩት አንድ መስመር ነው፣ መሬት ላይ ግን የከብት መንገድ፣ የማር ቆራጭ መንገድ፣ የቡና ለቃሚ መንገድ እያለ አንዱ ከአንዱ ይጣመራል፣ ጉም ሲገባ ደግሞ አስር ሜትር አይታይም። ጋይዱን ስትመርጡ በቀጥታ ጠይቁት፣ ሪራ ታድራለህ ወይ፣ ካቻ በእግር ሄደህ ታውቃለህ ወይ፣ ሪራ ውስጥ የምታውቀው ሰው ማነው። ዲንሾና ሳነቲን ብቻ የሚያውቅ ጎበዝ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ግን ለሀረና ሪራ ተወልዶ ያደገ ሰው ተጨማሪ መያዝ ይሻላል፣ ብሩ ብዙ አይጨምርም፣ የምታዩት ነገር ግን እጥፍ ይሆናል። ዋጋውን፣ ምግቡን፣ የፈረሱን፣ የመመለሻውን ሁሉ ከመነሳት በፊት ቁጭ ብላችሁ ጨርሱ።

ዲንሾ አንድ ሌሊት ማደር ሌላም ጥቅም አለው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ ሰውነታችሁ ለሳነቲ የሚለምደው እዛ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዛው ቀን 4,000 መውጣት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ያለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተዘዋወሩ፣ የደጋ አጋዘን ሳታዩ አትመለሱም፣ በጣም ለምደው ሰው አይሸሹም፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም አለ። ቀን ካላችሁ ደግሞ የወይብ ሸለቆን በእግር ወይ በፈረስ እዩት፣ እዛ ፍንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ፣ በ2019 እንደ ፈረንጆች የወጣ ጥናት ሰዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊት እዛ ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበር፣ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ባሌ ሰው ያልደረሰበት ቦታ ነው ሲባል አልወድም።

ከዲንሾ በሮቤ አድርጋችሁ ጎባ ግቡ፣ ሳነቲን የምታቋርጡት ግን ጠዋት ይሁን፣ ከጎባ 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ ጥሩ ነው። ጎባ ነዳጅ ሙሉ፣ ብር አውጡ፣ ባንኩም ነዳጁም ከዛ በኋላ አስተማማኝ አይደለም። የራሳችሁ መኪና ከሌለ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ መኪና ጠዋት ነው የሚገኘው፣ ሪራ ወራጅ ነኝ ካላችሁ ያወርዷችኋል። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል፣ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ፎርዊል ግድ ነው። ሳነቲ ላይ ሹፌሩን ቀስ በሉት፣ በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው፣ ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላይ ያለው ባሌ ነው፣ መንገዱን እያቋረጠ አይጥ ሲያድን መኪና ቢገጨው ምን ያህል ጉዳት እንደሆነ አስቡት። ከመንገድ ወጥታችሁም አትንዱ፣ ያ ሜዳ ስሩ ሙሉ የፍልፈል ጉድጓድ ነው፣ ቀበሮው የሚኖረው በነሱ ነው። እዛ ላይ ከፈለጋችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ቆዩ ግን የመጀመሪያ ሌሊታችሁን እዛ አትደሩ። ራሳችሁን በጣም ካመማችሁ መፍትሔው መውረድ ነው፣ ደግነቱ ሀረና ያለው ታች ነው።

ከዛ ቁልቁለቱ ይጀምራል። እዚህ ጋ ምክሬ ከመኪና ውረዱና የተወሰነውን በእግር ሂዱ ነው፣ መኪናው ታች ይጠብቃችሁ። መጀመሪያ ጅብራና አጫጭር ቁጥቋጦ ነው፣ ቀጥሎ አስታ ይመጣል፣ ላይ ጉልበት የማያልፈው አስታ እዚህ ዛፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ከላዩ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበት፣ ሽማግሌ ጉባኤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ከዛ ኮሶና አሜጃ፣ ግንዳቸው በዛፍ ሽበትና ፈርን በሚባል ቅጠላማ ተክል ተሸፍኖ ቅርፊቱ አይታይም። ጉሙ ከታች እየተነሳ ስለሚያረጥባቸው ነው እንደዚህ የሆኑት፣ ጉም መጣ ብላችሁ አትዘኑ፣ ይሄን ጫካ የሰራው ጉሙ ነው።

ሪራ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታደርጉት ሰላምታ ነው። አካባቢው ኦሮሞ ነው፣ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ አማርኛ የሚችል ታገኛላችሁ ግን ሁሉም አይችልም። አሰላሙ አለይኩም ማለት፣ አከም ጅርቱ (እንዴት ናችሁ) ማለት፣ ገለቶማ ብሎ ማመስገን አይክበዳችሁ። በዕድሜ ትልቅ ሰው ከሆነ ኦቦ፣ እናት ከሆነች አዴ ብላችሁ ጥሩ። አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ ሰው ፊት አትብሉ፣ ሴቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ማደሪያው ቀለል ያለ ነው፣ መንደሩ አካባቢ ድንኳን መትከያ ቦታ በጋይዳችሁ በኩል ይገኛል፣ ካቻም የካምፕ ቦታ አለ ጫካው መሃል ላይ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ካቻ ነው። ሆቴል አገኛለሁ ብላችሁ ሳይሆን ድንኳን ይዣለሁ ብላችሁ ሂዱ፣ አልጋ ከተገኘ እሰየው።

አሁን ዋናው፣ እግር ጉዞው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ አራት ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፣ ከሰዓት ጉምና ዝናብ ሊመጣ ይችላል እንስሳውም ይደበቃል። ከሪራ አካባቢ ወደ ቀርከሃው ሂዱ፣ ምክንያቱም የባሌ ዝንጀሮ ያለው እዛ ነው፣ ስሙ እንደዛ ይባላል እንጂ ጦጣ ነው፣ በዓለም ላይ ያለው እዚሁ ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፣ ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው፣ ቀርከሃው ካለቀ እሱም የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቀርከሃ ውስጥ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። እየተራመዳችሁ አታገኙትም፣ ዓይን አፋር ነው፣ ጫጫታ ሲሰማ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ሳታወሩ ብትቀመጡ ቀርከሃው ከላይ መነቃነቅ ይጀምራል። ጉሬዛን ግን ፍለጋ አያስፈልገውም፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጩኸቱ ጫካውን ይሞላዋል፣ ረጃጅሙ ዛፍ ላይ ነጭ ጭራው ተንጠልጥሎ ይታያል።

አንበሳ አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ። አለ፣ ነብርም አለ፣ ተኩላም አለ፣ ጥቁሩ ትልቁ የጫካ አሳማም አለ፣ ግን ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የምታዩት ዱካውን ነው። ዱካ ማንበብ የሚችል ሰው ካላችሁ ግን እሱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፣ የትናንት ነው የዛሬ ነው፣ ብቻውን ነው ከግልገል ጋር ነው ብሎ ይነግራችኋል፣ አትቸኩሉ፣ እያንዳንዱ ዱካ ላይ ቆማችሁ ጠይቁት። እግራችሁን የምታስቀምጡበትን ግን እዩ፣ ሀረና ውስጥ ብቻ የሚገኝ እፉኝትም አለ፣ ሳይንስ ስም የሰጠው በ2016 እንደ ፈረንጆች ነው፣ በጣም ብርቅ ነው አታገኙትም፣ ግን የወደቀ ግንድ ላይ ሳታዩ እጃችሁን አትጫኑ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። ከእባቡ ይልቅ በየቀኑ የሚያስቸግራችሁ ሳማ ነው፣ ኮሶው ስር ሙሉ ነው፣ ቁምጣ ለብሶ የሚገባ ሰው በአምስት ደቂቃ ይቆጨዋል።

ሁለተኛውን ወይ ሦስተኛውን ቀን ወደ ታች፣ ወደ ቡናው ስጡት። ከካቻ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ዛፎቹ ይረዝማሉ፣ ዝግባው ጥቁር እንጨቱ ቀና ብለህ ጫፉን አታየውም፣ አየሩ ይሞቃል፣ ከስሩ ደግሞ ቡና ይጀምራል። ማንም አልተከለውም፣ ከዛፍ ዛፍ ወፍና ጦጣ እየዘራው ነው የበቀለው፣ ቀጫጭን ረጃጅም ብርሃን ፍለጋ የተንጠራራ ቡና ነው። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ግን የታወቀ ነው፣ ባለቤት የሌለው መስሏችሁ አንድ ፍሬ እንኳን አትቅጠፉ፣ መጀመሪያ ጠይቁ። በለቀማ ጊዜ ከሆነ ጋይዳችሁ ከሚያውቀው ቤተሰብ ጋር ግማሽ ቀን ልቀሙ፣ ቀዩን ብቻ፣ ከዛ ሲደርቅ እዩት፣ ሲቆላ ጠጡት። ከጫካው ያልራቀ ቡና እዛው ስር ስትጠጡት አዲስ አበባ የምንጠጣው ሌላ መጠጥ ይመስላችኋል። ቡና ቀላ ካቀረቡላችሁ፣ ማለትም ቡናው ከነቅርፊቱ በቅቤ ተቆልቶ፣ እምቢ አትበሉ፣ ያከበሩት እንግዳ ነው የሚቀርብለት።

ቀና ስትሉ ዛፉ ላይ ረጅም ሞላላ ነገር ታያላችሁ፣ ቀፎ ነው። ትልልቁ ዛፍ ላይ በገመድ ወጥተው ነው የሚሰቅሉት፣ ማሩን የሚቆርጡትም ማታ ነው በጭስ። ከቀፎው ስር አትጩሁ፣ ሽቶ ተቀብታችሁ አትሂዱ። ማር ከገዛችሁ ከቆራጩ በቀጥታ ግዙ፣ ብሩ እሱ ጋ ይድረስ። ለዚህ የማስበው አንድ ምክንያት አለኝ፣ ማርና ቡና ገንዘብ ካመጡ ዛፉ ቆሞ ይቆያል፣ ካላመጡ ይቆረጥና ይታረሳል። ሀረና ጫፉ ከዓመት ዓመት እየተበላ ነው፣ በእርሻ፣ በሰፈራ፣ በእሳት፣ ጫካው ስር ያለውን ጥቃቅን ዛፍ ለቡና ብሎ በመመንጠር። በደረቁ ወራት ደግሞ ከብት ይገባል፣ ጎደንቱ ይባላል፣ የቆየ ሥርዓት ነው፣ ከብት አያችሁ ብላችሁ እረኛው ላይ አትቆጡ፣ የሱ አያት እዚህ ሲያግዱ ፓርክ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስለ እሳት ልመለስ ብያለሁ። ወቅቱ ደረቅ ሲሆን የአስታ እርጥብ ቅጠሉ ራሱ ይነዳል፣ በ1992 ዓ.ም የባሌ ደን ለሳምንታት ሲቃጠል የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ከሳነቲ ጫፍ እስከ ሪራ ድረስ ባለው አስታ ውስጥ እሳት አትለኩሱ፣ ሲጋራ አትጣሉ፣ ምግብ በጋዝ ምድጃ አብስሉ። ካምፕ ላይ እሳት ከተፈቀደ በቆየ የእሳት ቦታ ላይ ብቻ፣ ስትተኙ ደግሞ ውሃ አፍስሳችሁ በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ውሻ ይዛችሁም አትምጡ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እንደ ፈረንጆች ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል፣ የሚመጣውም ከውሻ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

ምን ልያዝ ለምትሉ፣ ልብስ በመደራረብ ነው፣ አንድ ወፍራም ጃኬት ከምትይዙ ሦስት ቀጫጭን፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ለቆላው ቀለል ያለ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ። ስሊፒንግ ባጉ ለብርድ የተሰራ ይሁን። ለጭቃ ጊዜ የጎማ ቦት ሮቤ ወይ ጎባ ገበያ ይገኛል። ሄድላምፕ ከትርፍ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ ሁለት፣ ካርታ ኦፍላይን ዳውንሎድ አድርጉ ኔትወርክ አትተማመኑበት። ዕቃችሁን ሁሉ በፕላስቲክ ጠቅልሉ። ምግብ ከጎባ ሸምቱ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ከሁሉ በላይ ግን ጩኮ ፈልጋችሁ ያዙ፣ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ትንሹ ያጠግባል፣ ለብርድ የሚያህለው የለም። ውሃው ንጹህ ይመስላል ግን ከላይ ከብት አለ፣ አፍሉት ወይ ውሃ አጋር ጨምሩበት። ማታ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ፣ ጅብና ከርከሮ ይመጣሉ፣ ከድንኳን ብቻችሁን ርቃችሁ አትሂዱ፣ ሽንት ቤትም ቢሆን መብራት ይዛችሁ ሰው ቀስቅሱ።

ሪራና ካቻ ወባ አያሰጋችሁም፣ ከ2,000 ሜትር በታች ወርዳችሁ የምታድሩ ከሆነ ግን፣ ደሎ መና ማለት ነው፣ አጎበር ያዙ፣ ሐኪም አማክራችሁ መድኃኒት ጀምሩ። መዥገር ስላለ ማታ ማታ እግራችሁን ፈትሹ። ከባድ ነገር ከመጣ ትልቁ ሆስፒታል ያለው ጎባ ነው፣ ማለትም ሳነቲን ተመልሶ መሻገር አለ፣ በሌሊት ደግሞ ከባድ ነው፣ ስለዚህ አስም ወይ የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር፣ የራስ መኪና ከሌላችሁም መኪና ያለው ሰው ስልክ ከጎባ ይዛችሁ ግቡ።

መመለሻው ሁለት ነው። በመጣችሁበት ሳነቲን ተሻግራችሁ ጎባ፣ ይሄ የሚሻለው ነው፣ ሲወርዱ ያላዩትን ሲወጡ ያዩታል። ወይ ደግሞ ደሎ መና ወርዳችሁ ወደ ነገሌ ቦረና መቀጠል፣ እሱ ረጅም ቆላ መንገድ ነው፣ የራስ መኪና፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ ነዳጅና ውሃ፣ የዛን ሳምንት የፀጥታ ወሬ ይፈልጋል፣ እንደ መጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም። ጎባ የምትመለሱ ከሆነ ከሪራ ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ሳነቲ ላይ ጉም ይወርዳል፣ ለጋይዱና ለፈረሰኛው ሪራ እያላችሁ በእጃቸው ክፈሉ፣ ቆሻሻችሁን በሙሉ ጠቅልላችሁ ጎባ ድረስ ውሰዱት፣ ሪራ የሚጣልበት ቦታ የለም።